ባለ ሁለት ወንበር አማና

ሀብትነሽ ሦስተኛውን ፒስተን በናፍጣ አጥባ፣ በአሮጌ ሻሽ አደራርቃ፣ ከሁለቱ ወንድሞቹ ጎን አስቀመጠችው። የምታጥበው ብርጭቆ እንደምታጥብ ነው፤ መጀመሪያ አናቱን፣ ቀጥሎ ጎኑን፣ በመጨረሻም ጣት የማይገባበትን ጠባብ ቦታ በጥርስ መፋቂያ እንጨት። አራተኛውን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

«ጥላሸቱን ፈቅፍቂው» አላት ባሏ ደምለው፣ ወለሉ ላይ በደረቱ ተኝቶ። «እንዳትጭሪው ግን።»

«ሳህን ሳጥብ እንዲህ ተጠንቀቂ ብለኸኝ አታውቅም።»

«ሳህንና ፒስተን አንድ ነው?»

«አይደለም» አለች ሀብትነሽ። «ሳህኑ የራሴ ነው።»

ደምለው ቁምሳጥን ሥር የተንከባለለ ብሎን መፈለጉን ቀጠለ።

ሞተሩ ያለው ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ አንድ ግቢ ገባ ብሎ፣ በእንግዳ መኝታ ክፍላቸው ነው። የእንግዳው አልጋ ወጥቶ ራኩባው ሥር፣ ከባላና ከማሽላ አገዳ በተሠራው የግቢው ጥላ ሥር ሆኗል። እንግዳ ሲመጣ ውጭ ያድራል፤ ሞተሩ ቤት ያድራል። «ሞተር አቧራ አይወድም» ይላል ደምለው። እንግዳ አቧራ እንደሚወድ ማን እንደነገረው አይታወቅም።

መኪናዋ ደግሞ ግቢው ውስጥ ኒሙ ዛፍ ሥር ቆማለች። ቀይ ናት፤ ወንበሯ ሁለት ብቻ፤ ቁመቷ ከአህያ የሚያንስ፤ ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ የማይርቅ። መሐንዲሶቿ ለተጠረገና ለለሰለሰ መንገድ እንደሠሯት ያስታውቃል። ክረምት ሲገባ ትራክተር እስከ ጎማው አናት በሚሰምጥበት በዚህ ዋልካ አገር ምን ትሠራለች ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ምክንያቱም ምንም አትሠራም። ሞተሯ ከወጣ ወዲህ ባዶውን ሆዷን አንዲት ዶሮ ተመኝታው፣ ገብታ፣ ዕንቁላል ታቅፋበታለች። በመኪናዋ ከተጠቀሙት ሁሉ ያመሰገነች እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

መኪናዋ የዘምዘም ናት። ዘምዘም የሱዳን፣ የገዳሪፍ ሰው ናት፤ ሀብትነሽ መተማ ዮሐንስ ምግብ ቤት በነበራት ዘመን ሽቶና ጨርቅ እየነገደች ስትመላለስ እሷው ቤት ነበር የምትበላው። አማርኛውንም እዚያው ከወጡ ጋር ለመደችው። ኋላ ካርቱም ገባች፣ ተሳካላት፣ ከልጅነቷ ጀምራ ስትመኛት የኖረችውን ቀይ መኪና ለራሷ ገዛች። ዓመት እንኳ ሳትጠግባት ካርቱም ነደደች። ሰው ሁሉ በጭነት መኪና፣ በአውቶቡስ፣ በእግሩ ወደ ጋላባት ሲጎርፍ ዘምዘም ሰርግ እንደምትሄድ ሰው በስፖርት መኪና መጣች። ድንበሩን እንደተሻገረች ከመንገድ ዳር በጀሪካን ቤንዚን ገዛች። ቤንዚኑ እኩሌታው ላምባ ነበር። መኪናዋ እያሳላት፣ እየተንገዳገደች፣ ገንዳ ውሃ ስትደርስ ከሀብትነሽ ደጅ ፊት ለፊት ትንፋሿ ቆመ።

ዘምዘም በማግስቱ በአውቶቡስ ወደ ጎንደር ልትቀጥል ስትል ቁልፉን በሁለት እጇ ይዛ፣ «አማና» አለች።

ሀብትነሽም በሁለት እጇ ተቀብላ፣ «አማና» አለች።

በቃ። ሌላ ነገር አልተባለም። በዚህ ድንበር ሌላ ነገር አይባልም። ሰው በሬውን፣ ሰሊጡን፣ የሚስቱን ወርቅ በዚህች አንዲት የአደራ ቃል ለወዲያኛው አገር ሰው ሰጥቶ ይሄዳል። ጦርነት ይመጣል፣ ያልፋል፤ ኬላ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ሰውየው ሲመለስ በሬው ወፍሮ ይጠብቀዋል። ሌባ እንኳ ዘመድ አያጣም፤ ድንበር ላይ አማና የበላ ሰው ግን ለቅሶ ቤት ሲገባ ጠጋ ብሎ ቦታ የሚለቅለት የለም።

የመኪናዋ በሽታ ዕውር የሚያየው ነበር፤ ላምባውን ማፍሰስ፣ ንጹሕ ቤንዚን መቅዳት፣ እሳት ጫሪ ካንዴላዎቹን ማጽዳት። ደምለው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ይህን ብቻ አድርጎ ቢሆን ኖሮ ይህ ወሬ ወሬ አይሆንም ነበር። ነገር ግን ደምለው ዕድሜውን ሁሉ ትራክተር ሲፈታ የኖረ ሰው ነው። የትራክተር ሞተር ጭቃ የለበሰ፣ በመዶሻ ተቀጥቅጦ የሚግባባ፣ ልበ ደንዳና ፍጥረት ነው። ይህች ግን የሞተር ክዳኗን ብድግ ቢያደርገው ውስጧ ያበራል፤ ሁሉ ነገር ትንሽ፣ ሁሉ ነገር የተላሰ።

«እስቲ ክዳኑን ብቻ ልየው» አለ።

ክዳኑን ያየ ሰው ከክዳኑ ሥር ያለውን ቢያይ ነውር የለውም። ከክዳኑ ሥር ያለውን ያየ ደግሞ እዚያ ላይ ቢያቆም ድካሙ ከንቱ ነው። አንድ ክረምት ሳያልቅ የሞተሩ አናት፣ ቴስታታው፣ ተነሣ፤ ሁለተኛው ክረምት ሲገባ ሦስት አጣና ተተክሎ ሞተሩ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ወጣና ከእንግዳው አልጋ ጋር ቦታ ተለዋወጠ። በመጨረሻ ደምለው የመጨረሻዋን ብሎን ፈትቶ፣ እጁን ጠርጎ፣ በትልቅ እርካታ ፍርዱን ሰጠ፦ «ምንም አልሆነችም!»

ጤነኛ ሰው አስተኝቶ፣ ሆዱን ቀድዶ፣ «ጤነኛ ነው» የሚል ሐኪም ካለ እሱ ደምለው ነው።

ዘምዘም በየጊዜው ትደውል ነበር። «መኪናዬ ደህና ናት?» ትላለች። «ደህና ናት፣ ጥላ ሥር ናት» ትላለች ሀብትነሽ። ውሸት አልነበረም። እኩሌታዋ ኒም ሥር ናት፤ እኩሌታዋ ደግሞ ከዚያም በተሻለ ጥላ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በጥልፍ አንሶላ ላይ። ስልኩን በዘጋች ቁጥር ግን ሀብትነሽ ሄዳ የእንግዳውን ክፍል በር ትዘጋ ነበር። አማና ያለችው እሷ ናት እንጂ ደምለው አይደለም። የተፈታው የዘምዘም ሞተር ይሁን የሀብትነሽ ቃል ለይታ መናገር እያቃታት መጣ።

ታዲያ በዚህ ሰሞን ዘምዘም ደወለች።

«ያ ሀብትነሽ!» አለች እንደ አገሯ አጠራር። «ጎንደር ነኝ። መንገዱ ተከፍቷል አሉኝ። ቅዳሜ መጥቼ መኪናዬን ይዤ ወደ ቤቴ፣ ወደ ገዳሪፍ።»

«እሰይ! እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» አለች ሀብትነሽ፣ ወለሉ ላይ የተሰለፈውን ብረት እያየች። ስልኩን ዘግታ ወደ ባሏ ዞረች። «ቅዳሜ ትመጣለች።»

«የትኛው ቅዳሜ?»

«ለአንተ ሌላ ቅዳሜ ተሠርቶልህ ከሆነ ንገረኝ።»

ፒስተን እያጠበች የተገኘችው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛውን ፒስተን አደራርቃ አስቀመጠችው። አራቱ ተሰልፈው ሲያበሩ፣ ለማንም አትናገረው እንጂ፣ ደስ ይላሉ። ደምለው ለምን እጁን መሰብሰብ እንዳቃተው ለአንዲት ቅጽበት ገባት፤ ወዲያው ደግሞ በራሷ ተናደደች።

«ጋስኬቱስ?» አለችው።

በሞተሩና በቴስታታው መካከል የሚገባው ስስ ጋስኬት ሲፈታ ተቀድዷል። አዲሱ ከአዲስ አበባ በደላላ መጥቶ ነበር፤ የሌላ መኪና ሆኖ ተገኘ። ደምለው ጉሮሮውን ጠረገ። «መዳብ ቢገኝ ቆርጬ እሠራው ነበር። መዳብ በእሳት ከለሰለሰ አንደኛ ነው። ልክ የዚያች የጋላባቷ ትሪሽ ዓይነት መዳብ።»

«የትኛዋ ትሪ?»

«የ… ማለቴ፣ የነበረችሽ።»

ሀብትነሽ ወደ ጓዳ ገባች። ትሪዋ አለች፤ መካከሏ ግን የለም። ጠርዙ ብቻ እንደ ጨረቃ ቀለበት ቀርቷል። ይዛው ተመለሰች፤ ባሏን በቀለበቱ ውስጥ አሻግራ አየችው።

«ጎበዝ» አለችው። «ቀለበቷን ደግሞ ለአንገቴ ጌጥ አድርግልኝ።»

ሐሙስ ጠዋት ደምለው አዲስ ሐሳብ ይዞ ተነሣ። ብቻውን ለቅዳሜ እንደማይደርስ ስለገባው ደቦ ሊጠራ ነው።

«ሞተር በደቦ?» አለች ሀብትነሽ።

«ሰሊጥ በደቦ ይታጨዳል። ቤት በደቦ ይቆማል። ሞተር ከማን ይበልጣል?»

የደቦ ነገር ሲነሣ ጠሪው ባል ነው፤ አብሳይዋ ሚስት ናት። ሀብትነሽ ከጎረቤት ጠላ ለምና፣ ወጡን ጥዳ፣ በር ላይ ቆማ ሠራተኛውን ትቀበል ጀመር። ደቦኛው ስፖርት መኪና ፈትቶ እንደሚያውቅ ሰው ረጋ ብሎ ገባ። ከሁሉ ፊት ሸጋው የሚባለው ነበር፤ ሰሊጥ መጋዘን የጭነት ሥራ የሚሠራ፣ ኩንታል እንደ ትራስ በአንድ እጁ የሚያነሣ ጎረምሳ። ቀጥሎ አያ ማሩ መጡ፤ ሽማግሌ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በአብደራፊ እርሻ ትራክተር ነድተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ሞተር የማይናገሩት ነገር የለም። ሌሎቹም የሰፈሩ ወንዶች ናቸው። ምናለ የሚባለው ሰው ብቻ አልተጠራም፤ ሳይጠራ ግቢው ውስጥ አለ። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ ወባ ጥላው፣ ጓደኞቹ ሲመለሱ እሱ በእነ ሀብትነሽ ራኩባ ሥር በእንግዳው አልጋ ላይ ቀርቷል። አሁን ተሽሎት ፀሐይ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቁጭ ብሏል።

«አያ ማሩ፣ ይግቡ፤ እዚህ ይቀመጡ» አለ ደምለው፣ ወንበር እየሳበ።

አያ ማሩ ሞተሩን ዙሪያውን አዩት። «ይቺ ናት?»

«አዎን።»

«አነሰች።»

«ስፖርት ናት፣ አያ።»

«ስፖርት የሚሠራ ሰውማ መክሳቱ መች ይቀራል» አሉ አያ ማሩ፤ ይህም እንደ ምርመራ ተቆጠረላቸው።

ክራንኩ፣ ዋናው ዘንግ፣ ገባ፤ ፒስተኖቹ የብረት ቀለበት ፋሻቸውን ለብሰው ገቡ፤ እስከዚህ ድረስ ደምለው በራሱ እጅ ስለሠራው ሁሉ ነገር በሥርዓቱ ሄደ። ደቦው ጠላ እየጠጣ ያበረታታው ነበር። ችግሩ የመጣው ቴስታታው በመዳቡ ጋስኬት ላይ ተቀምጦ ብሎኖቹ የሚጠብቁበት ሰዓት ሲደርስ ነው።

«አሁን ስሙኝ» አለ ደምለው። «እነዚህ ብሎኖች እኩል መጥበቅ አለባቸው። አንዱ ከጠበቀ ሌላው ከላላ ውኃና ዘይቱ ይቀላቀላል። የሚለካበት መሣሪያ አለ፤ እኛ ጋ የለም። ስለዚህ መለኪያችን ሸጋው ነው። መጀመሪያ ሁሉም በሩብ ሸጋው ይጠብቃሉ፤ ቀጥሎ በግማሽ ሸጋው፤ መጨረሻ በሙሉ ሸጋው።»

ሸጋው መለኪያ በመሆኑ ደስ አለው። እጅጌውን ሰበሰበ።

ሸጋው ብቻውን ቢሠራ ምናልባት ይሳካ ነበር። ግን ደቦ ነው። በደቦ አንዱ ሲሠራ ሌላው ቆሞ አያይም፤ ነውር ነው። ሁሉም አንዳንድ ብሎን ያዘ። ደግሞም በደቦ ማንም ከጎኑ ካለው ሰው አያንስም፤ ይህም ነውር ነው። ሰሊጥ ሲታጨድ ይህ ልማድ ማሳውን በአንድ ቀን ያስጨርሳል።

«የእኔ ጠብቋል» አለ አንዱ።

«ከአንተስ የእኔ አይላላም» አለ ሌላው፣ ብሎን ማጥበቂያ ኪያቤውን አንድ ጊዜ ጨመር አድርጎ።

«እናንተ ሩብ ሸጋው ላይ ናችሁ እንዴ? እኔ ግማሹን አለፍኩ።»

«እኔ ያለሁበት የደረሰ ማን ወንድ አለ?» አለ መለኪያው ራሱ፣ ኪያቤው ላይ እየተደገፈ። ከኋላ አያ ማሩ «በለው! በለው የእኔ አንበሳ!» አሉ። ከዚህ በኋላ ሸጋው የተደረገለትን ክብር ለመመለስ ያለውን ሁሉ ሰጠ።

ጧ አለ።

ሀብትነሽ የጠላ ማሰሮ ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ሸጋው ኪያቤውን አነሣው፤ የብሎኑ ራስ ውስጡ ቀርቷል። ግንዱ ቴስታታው ውስጥ ተቆርጧል። ሁሉም ሸጋውን አዩት፤ ሸጋውም ብሎኑን አየው።

«ብሎኑ ደካማ ነበር» አለ።

ማንም አልሳቀም። ሀብትነሽ ማሰሮውን መሬት አስቀመጠች። ዘምዘም ኒሙ ሥር ቆማ፣ ምንም ሳትናገር፣ ቁልፏን በሁለት እጇ ስትጠይቃት በሐሳቧ ታያት። ስድብ ቢሆን ትመልሳለች፤ ዝምታ ቢሆንስ?

«ደቦው አልቋል» አለች። «ውጭ ምሳ ቀርቧል። እጁን ታጥቦ የሚበላ ይብላ። ሞተር የሚነካ ግን እንዳላይ።»

«እትዬ ሀብትነሽ፣ እኔ ለመርዳት…» አለ ሸጋው።

«አውቃለሁ፣ ሸጋዬ። ሰውን እስከ ዛሬ ያጠፋው ጠላቱ አይደለም፤ የረዳው ነው። ሂድ ብላ።»

የተቆረጠውን ብሎን ማውጣቱ ቀኑን በላው። ደምለው ከጎረቤት የብየዳ ማሽን ለምኖ ከጉቶው ላይ መፍቻ የሚይዘው ዳዶ በየደ፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ዳዶውን ቀስ ብሎ ሲያዞረው ጉቶው አብሮ ወጣ። ምትኩ ከአሮጌ የውኃ መሳቢያ ተገኘ፤ ጥርሱም ቁመቱም ገጠመ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አልፎከረም፤ ከሀብትነሽ ጋር አብሮ ከኖረ ወዲህ ያለ አንድም ቃል የሠራው የመጀመሪያው ሥራ ይመስላል።

ዓርብ ጠዋት ብሎኖቹን ሁሉ አላልቶ ከአዲስ ሊጀምር ሲል ኪያቤውን መልሶ ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

«እኔም አልታመንም» አላት። «ስጠብቅ እልህ ይይዘኛል። ቅዳሜ ትዝ ሲለኝ እጠመዝዘዋለሁ።»

ሀብትነሽ ወደ ግቢው አየች። ራኩባው ሥር ምናለ ሾርባውን ፉት እያለ ነው።

«ምናለ» ብላ ጠራችው። «ና እስቲ፣ ወንድሜ። ብሎን ታጠብቃለህ።»

«እኔ? አይ እትዬ!» አለ ምናለ ደንግጦ። «እኔኮ ማንኪያውንም በሁለት እጄ ነው የምይዘው።»

«እሱን ነው የምፈልገው። እልህ የሚይዘው አቅም ያለው ሰው ነው።»

ደምለው አንዴ ምናለን፣ አንዴ ሞተሩን አየ። ከዚያ ሄዶ ረጅም የብረት ቱቦ አመጣና ኪያቤው እጀታ ላይ ሰካው። ምናለ ቱቦው ጫፍ ላይ በደረቱ ጋደም ይላል፤ ብሎኑ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ የምናለ ክብደት የሚችለውን ያህል ዞሮ ይቆማል፤ ምናለ ተነሥቶ ያርፋል። ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ከመካከል ጀምረው ወደ ዳር፣ ወዲያና ወዲህ እየተሻገሩ። ምናለ በአንዱ ላይ ብርቱ፣ በሌላው ላይ ደካማ የሚሆንበት ትርፍ ጉልበት አልነበረውም። ሁሉም ብሎን በአንድ ምናለ ልክ ጠበቀ።

ሞተሩ ከሰዓት በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ወደ መኪናዋ ሄደ። ዶሮዋ ከነዕንቁላሏ ስትፈናቀል የጮኸችው ጩኸት ከደቦው ፉከራ ሁሉ ይበልጥ ልብ ነበረው። ላምባው ተደፍቶ ንጹሕ ቤንዚን ተቀዳ፤ ባትሪ ከባጃጅ ነጂ ተለመነ። ደምለው ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ አጓራች፣ አሳላት፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ዝም አለች። ደግሞ አዞረ። ደግሞ አሳላት፤ ከዚያ ድንገት፣ ቀፎው እንደተነካ ንብ፣ ድምፅዋ ሞላ። ሰፈሩ እልል አለ። አያ ማሩ «እኔ ገና ሳያት አውቄያለሁ» አሉ። ደምለው ጎንበስ ብሎ የሕፃን ደረት እንደሚያዳምጥ ሰው ጆሮውን አስጠጋና እንደዚያው ቀረ። ሀብትነሽ ግን እልል አላለችም። የምትመልሰው ሞተር አላት፤ የምትመልሰው ቃል መኖሩን ነገ ታየዋለች።

ቅዳሜ ዘምዘም በባጃጅ መጣች። ሁለት ሻንጣ ይዛለች፤ ከሻንጣዎቹ የሚበልጥ አንድ ጥቅልል ደግሞ ባጃጁ ጣሪያ ላይ በገመድ ታስሯል። ከሀብትነሽ ጋር ተቃቅፈው፣ እየተለያዩ ደግመው ተቃቅፈው፣ የእናት የአባት ጤና ተጠያየቁ። ከዚያ ወደ ኒሙ ሄደች። መኪናዋ ታጥባ፣ ተወልውላ ትጠብቃለች። ደምለው፣ ሸጋው፣ አያ ማሩና ምናለ እንደ ተከሳሽ ተሰልፈው ቆመዋል። ዘምዘም መኪናዋን ዙሪያውን አየች። ቀለሙን በመዳፏ ዳሰሰች።

«ሀብትነሽ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ፒስተኖቹን ማነው ያጠባቸው?»

ሀብትነሽ እጆቿን በቀሚሷ ጠረገች። «እኔ» አለች።

«ተማም፣ እሺ። ከጎንደር ስመጣ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰውዬ አጠገቤ ተቀመጠ። ከአይከል ጀምሮ ሲያወራኝ መጣ። ገንዳ ውሃ አንዲት ሴት የሰው መኪና አማና ተቀብላ፣ ባሏ ፈትቶ መኝታ ቤት ውስጥ ዘርግቶታል አለኝ። ሚስቲቱ ፒስተን እንደ ሳህን ታጥባለች አለኝ። ሕዝቡ ሁሉ ሳቀ። ባለቤቷ ስትመጣ ምን ትል ይሆን? አለኝ።» ዘምዘም ቀና አለች። «እኔም እሱን እያሰብኩ ነው አልኩት።»

ሀብትነሽ ልትናገር ስትል ዘምዘም እጇን አነሥታ አስቆመቻት፤ ቁልፉን ተቀብላ መኪናዋ ውስጥ ገባች፤ ሞተሩን አስነሣች። ዓይኗን ጨፍና ብዙ ሰማች። ቤንዚን ረገጠች፣ ለቀቀች፣ ደግማ ሰማች። ሀብትነሽ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጣ ቆማለች። ዘምዘም አጠፋችውና ወጣች።

«እኔ የሰጠኋችሁ የሞተች መኪና ነበረች» አለች፣ ፊቷን ሳትፈታ። «አማና እንደተሰጠ ይመለሳል። ይቺ ግን ትሠራለች። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?»

«እሱስ እውነትሽን ነው፣ ልጄ» አሉ አያ ማሩ፣ ጉዳዩን በሙሉ ልባቸው ይዘው። «ሕጉ እንደተሰጠ ነው የሚለው።»

ደምለው ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወጣ። «እህቴ ዘምዘም» አለ። «ላምባ ልጨምርባት?»

ዘምዘም ሳቋን ልትይዝ ሞክራ ነበር። አልቻለችም። መኪናዋ ላይ ተደግፋ ሳቀች፤ እንባዋን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች፣ «ወላሂ ይህ ሰው!» እያለች ሳቀች። ሸጋው መሳቅ ይፈቀድ እንደሆነ ሀብትነሽን አየ። ሀብትነሽ አልሳቀችም፤ ቀሚሷን ግን ለቀቀች።

«ፈርተሽ ነበር?» አለቻት ዘምዘም፣ ስትረጋጋ።

«አልተኛሁም።»

«እኔም አልተኛሁም። መኪናዬ ደህና ናት፣ ጥላ ሥር ናት ስትይኝ፣ ሀብትነሽ እንዲህ አጭር አታወራም፣ የሆነ ነገር ሸጣለች እል ነበር።» እጇን ትከሻዋ ላይ ጣለች። «ፈትታችሁ ነው እንጂ አልሸጣችሁም። ለመሸጥም ሁለት ክረምት ነበራችሁ።»

ሀብትነሽ የመኪናዋን በር ከፈተችላት።

መኪናዋ በኩራት እያጓራች ከኒሙ ተነሣችና የግቢው በር ላይ ስትደርስ ሆዷ ከደፉ ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ቆመች። ከደፉ ወዲያ ጉድባው አለ፤ ከጉድባው ወዲያ ነው አስፋልቱ። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ብሎን ሲመካከር የከረመው ሰፈር፣ ስትመጣ ተሸክሞ ያስገባት ራሱ እንደሆነ እንኳ ረስቶ፣ ስለ ደፉ አላሰበም ነበር። ደቦው እንደገና ተሰበሰበ። በዚህኛው ሙሉ ሸጋው ያስፈልግ ነበር፤ ሸጋውም የፊቱን ጎን ብቻውን ያዘ። ብድግ አድርገው፣ እያዜሙ፣ ከደፉም ከጉድባውም አሻገሯት። ከኋላ ያየ ቀብር ይመስለዋል፤ ከፊት ያየ ሰርግ። በሰዓት ይህን ያህል ትበራለች የተባለላት መኪና ከተጠገነች ወዲህ የመጀመሪያ ጉዞዋን በሰው ክንድ ፈጸመች።

አስፋልቱ ላይ ሻንጣዎቹ ተጫኑ። አንዱ የኋላዋን ሳጥን ሞላው፤ ሌላው ከዘምዘም ጎን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጥቅልሉ ቀረ። በመስኮት ሞከሩት፣ በክዳኑ ሞከሩት፤ እምቢ አለ። ሁለት ወንበር ያላት መኪና ቤቱን ይዞ ለሚሄድ ሰው አልተሠራችም።

ዘምዘም ጥቅልሉን አንሥታ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ ሀብትነሽ ፊት ቆመች።

«አማና» አለች።

የሀብትነሽ እጆች ወዲያው አልተነሡም። ዘምዘም ጠበቀች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ ደምለውን እያየች፣ «ብርድ ልብስና ትራስ ነው» አለች። «ደህና አድርጌ አይቼዋለሁ። አንድም ብሎን የለውም።»

ሀብትነሽ ያን ጊዜ ሳቀች። በሁለት እጇ ተቀበለች።

«አማና» አለች።

ቀይዋ መኪና ወደ መተማ ዮሐንስ አቅጣጫ ተፈተለከች፤ ከመታጠፊያው ካለፈች በኋላም ድምፅዋ ጥቂት ቆየ። ወንዶቹ መንገድ ዳር ቆመው ድምፁን በየፊናቸው ይፈርዱ ጀመር፤ ሸጋው፣ ብሎኑ ትንሽ ጠንከር ብሎ ቢጠብቅ ይሻል ነበር፣ አለ።

ሀብትነሽ ጥቅልሉን ታቅፋ ቤት ገባች። የእንግዳው ክፍል ወለል ባዶ ነው፤ የዘይት ምልክት ብቻ ቀርቶበታል። ደምለው ተከትሏት በሩ ላይ ቆመ። ጥቅልሉን ሲያየው ቆይቶ፣ «ዚፕ አለው እንዴ?» አለ።

«ደምለው።»

«ጠየቅኩ እንጂ።»

ንጹሕ አንሶላ አውጥታ ጥቅልሉን ሸፈነችው። ጫፎቹን ወደ ውስጥ አጥፋ፣ በገመድ ግራና ቀኝ አሥራ፣ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ደገመችው። በርጩማ ላይ ወጥታ ቁምሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችው፤ ግድግዳውን እስኪነካ ወደ ውስጥ ገፋችው። ከዚያ ወረደችና በርጩማውን ወደ ቦታው መለሰች።